የሰዲቃ ልክ

ሰዲቃ በብስክሌት ውድድር ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀችው ከሊሙሩ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ዳገት ላይ ነው። መንገዱ በሻይ ማሳ መካከል ወደ ላይ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት ወደ ኋላው ይታጠፋል። ከፊቷ የቀሩት አራት ሴቶች ብቻ ነበሩ። መታጠፊያው ላይ ፔዳሏን እየረገጠች መሪውን ስታዞር፣ ብስክሌቱ የሆነ ነገር ጨምድዶ እንደያዘው ባለበት ቆመ። በአገጯ አስፋልቱ ላይ ተደፋች። ከኋላዋ የነበሩት ሁለት ልጆችም በላይዋ ወደቁ።

እናቷ ኩለሱም መጨረሻው መስመር አጠገብ ውሃና ፎጣ ይዛ ስትጠብቅ፣ ልጇ ከነብስክሌቷ በፒክአፕ ተጭና መጣች። ሒጃቧ በደም ርሷል። ክሊኒክ ወስደዋት አገጯ በአምስት ስፌት ተሰፋ።

ኩለሱም ናይሮቢ፣ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ሱቋ አባያና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባሏ ኑሬ ከሞያሌ ጨርቅ እያመላለሰ ይነግዳል። ሰዲቃ እዚሁ ናይሮቢ ነው የተወለደችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ አንድ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር በቀልድ የጀመረችው ብስክሌት አሁን ከእንቅልፏ በፊት የምታስበው የመጨረሻ ነገር ሆኗል።

ኑሬ የልጁን አገጭ አየ። እራት ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ሰሃኑ ከተነሳ በኋላ ነው የተናገረው።

«አንደኛውን ዝም አልኩ። ሁለተኛውንም ዝም አልኩ። አራተኛ ካየሁ ግን ብስክሌቱን ራሴ ወስጄ እሸጠዋለሁ።»

«አራተኛ አታይም» አለችው ኩለሱም።

እንዴት እንደምታደርግ ግን አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ዘግታ ብስክሌቱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጋር አስደገፈችና ሰዲቃን «ውጪበት» አለቻት።

«ኡሚ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ባላንስ አጣሁ፣ ዛት ኢዝ ኦል።»

«ሦስቴ?»

ሰዲቃ ኮርቻው ላይ ወጣች። ኩለሱም የቀሚስ ጫፍ ስታስተካክል እንደምታደርገው መሬት ላይ ተንበረከከች። ፔዳሉን በእጇ ቀስ ብላ አዞረች፤ የልጇ እግር ወደ ፊት መጣ። ከዚያ «መሪውን አዙሪ፤ እንደ ትናንቱ መታጠፊያ» አለቻት። ሰዲቃ አዞረች። የፊት ጎማው ዞሮ መጣና ከጫማዋ ጫፍ ጋር ተጋጨ።

ኩለሱም ቀና አለች። «ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ስሞል ሳይዝ ሁሉ እንደዚያ ነው። በፍጥነት ስሄድ መሪው ብዙ ስለማይዞር ችግር የለውም። ቀስ ብሎ ሹል ኮርነር ላይ ብቻ ነው የሚነካኝ። ኮች ሂሻም ተጠንቀቂ ብሎኛል።»

«ተጠንቀቂ?» ኩለሱም ልብሷን አራግፋ ተነሳች። «እኔ ክንዱ የጠበበ አባያ ሰፍቼ ለደንበኛዬ እየሰጠሁ፣ እጅሽን እንዳታነሺ ተጠንቀቂ ብላት፣ ሁለተኛ ደጄን ትረግጣለች?»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በተረፋት ሰዓት የብስክሌት ሱቆችን ዞረች። የእሽቅድምድም ብስክሌቶቹ አብዛኞቹ ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የመጡ ናቸው። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ አሉ። ትንሹ የሚባለው የትልቁ ወንድም ነው፤ የኮርቻው ምሰሶ ብቻ አጥሯል፣ ጎማው ያው ትልቁ ጎማ ነው። ሻጮቹ «ሌላ ሳይዝ ሃኩና፣ የለም፣ ማማ» እያሉ ሸኟት። በመጨረሻ አሠልጣኙ ሂሻም አንድ ስም ሰጣት። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጎይትኦም የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ፣ የብረት ቴላዮ ራሳቸው ከባዶ ቱቦ ይሠራሉ፣ ግን ከሰው ጋር አይስማሙም አላት።

ቴላዮ የሚለውን ቃል ከሂሻም ሰማችው። ጎማውም፣ መሪውም፣ ኮርቻውም የሚሰካበት የብስክሌቱ አጥንት መሆኑን እጁን እያወራጨ አስረዳት።

አቶ ጎይትኦም ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው አስመራ ውስጥ ሪናልዶ የሚባል ጣሊያናዊ የቴላዮ ሠሪ ዘንድ ገብተው ተማሩ። ኋላ አዲስ አበባ አሥራ አምስት ዓመት ኖሩ፤ አማርኛቸው ከዚያ ነው። ናይሮቢ ከገቡ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከቤታቸው ጎን ያለውን የመኪና ማቆሚያ ወርክሾፕ አድርገውታል። ግድግዳው ላይ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች እንደ ሸንበቆ ተደርድረዋል። ብረት አጣብቆ የሚይዘው ሞርሳ፣ ሞረዶቹ፣ የጋዙ ሲሊንደር ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው። ከጣሪያው የተንጠለጠለ አንድ ሰማያዊ ቴላዮ አለ፤ ሪናልዶ በእጁ የሠራው ነው።

ኩለሱምና ሰዲቃ ሲገቡ ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩዋቸው። ጉዳዩን ሰሙ። ሰዲቃን ግድግዳ አስደግፈው የእግሯንና የክንዷን ርዝመት ለኩ።

«ይሠራል» አሉ። «የኮርቻውን ምሰሶ አሳጥራለሁ፣ የላዩንም ቱቦ ትንሽ አሳጥራለሁ። በሦስት ሳምንት ይምጡ።»

«ጎማውስ፣ ጋሼ?» አለች ኩለሱም።

«ጎማው ጎማ ነው።»

«እግሯ ከጎማው ጋር ነው የሚጋጨው። ትልቅ ቀሚስ ከታች ብቻ ቢቆረጥ ትከሻው አይጠብም። የሁሉም ነገር ልክ አብሮ ካልተቀየረ…»

«እመቤት» አሉ አቶ ጎይትኦም፣ ድምፃቸው ከፍ አለ። «እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት። እኔ ልብስ አልሰፋም። ይሄ ጎማ፣ ይሄ የመሪ ማዘንበያ፣ ከመምህሬ ከማስትሮ ሪናልዶ የተቀበልኩት ነው። ማስትሮ ከአባታቸው የተቀበሉት ነው። በዚህ ልክ ስንትና ስንት ወንድ አሸንፏል!»

«ወንድ» አለች ኩለሱም ቀስ ብላ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ሞርሳቸው ዞሩ። ሰዲቃ የእናቷን እጅ ይዛ ጎተተቻት።

በሦስት ሳምንቱ ሄዱ። ቴላዮው ያምር ነበር። ቱቦዎቹ የተገናኙበት ቦታ በነሐስ ተበይዶ፣ በሞረድ ተልጎ፣ ጣት ቢያልፍበት ስፌቱ አይታወቅም። ኩለሱም እንደ ባለሙያ አየችውና ውስጧ ሳይወድ በግድ አደነቀ። አቶ ጎይትኦም የእግሯንም ነገር አስበውበት ነበር፤ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ክፍል ወደ ፊት አጋድመውት ጎማው ከጫማዋ ሸሽቷል። ሰዲቃ ሳቀች፣ አመሰገነች፣ የድሮውን ብስክሌት ዕቃ ፈትታ አስገጠመችበትና ይዛው ሄደች።

አንድ ሳምንት ጋለበችው። ኩለሱም ስትጠይቃት «ኢኮ ሳዋ፣ ደህና ነው» ትላታለች። ኩለሱም ግን፣ የማይመቻትን ልብስ በይሉኝታ ተቀብላ የምትሄድ ደንበኛ ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት አንድ ቀን ዩኒፎርም እያጠፉ።

ሰዲቃ ሸሚዙን አጥፋ፣ ሌላ አንስታ፣ እሱንም አጠፈች። «ቁልቁለት ላይ መሪው ይከብደኛል። ወደ ጎን ይወድቃል። ዳገት ላይ ቀስ ስል ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ኡሚ፣ እሳቸው ግን በጣም ለፍተውበታል። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«አንቺ አትነግሪያቸውም። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ብቻዋን ሳውዝ ሲ ሄዳ ነገረቻቸው። አቶ ጎይትኦም ስትጨርስ «ያ የመሪው ማጋደም ነው» አሉ። «እግሯን ለማዳን ስል መሪዋን ገደልኩት። አውቄው ነበር።» ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ወርክሾፑ ውስጥ ብቻዋን ትተዋት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። ኩለሱም ግን ሱቋ ተመልሳ ለልብስ ንድፍ የምትጠቀምበትን ቡናማ ወረቀት ጥቅል ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ሰዲቃን ጎኗን አስተኝታ በጠመኔ ዙሪያዋን አነሳች፤ እግሯን፣ ጉልበቷን፣ ወገቧን፣ ክንዷን። ወረቀቱን በመቀስ ቆርጣ መገጣጠሚያዎቹን በመርፌ ቁልፍ አያያዘቻቸው። ጉልበቷ የሚታጠፍ፣ ክንዷ የሚዘረጋ የወረቀት ሰዲቃ ወጣች። ቀጥላ የድሮውን ብስክሌት ለክታ በእውነተኛ መጠኑ ሣለችው። ሁለቱን ጎማዎች ለብቻ ክብ አድርጋ ቆረጠቻቸው። ሦስት ቀን ፈጀባት። ሁለት ደንበኞች አባያቸው አልደረሰም ብለው ተቆጥተው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን የወረቀት ጥቅሏን ተሸክማ በማታቱ ሚኒባስ ሳውዝ ሲ ደረሰች። በሩን የከፈቱላት የአቶ ጎይትኦም ባለቤት ወይዘሮ ኣለም ናቸው።

«አኩርፏል» አሏት በሹክሹክታ። «ግን ግቢ፣ ልጄ። የሚያኮርፈው ሌላው ሰው ትክክል ሲሆን ነው።»

ሽማግሌው ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ኩለሱም ፈቃድ ሳትጠይቅ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሁሉ ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ወረቀቱን ዘረጋች። የወረቀቷን ልጅ የወረቀቱ ብስክሌት ላይ አስቀመጠቻት። እግሯን በፔዳሉ ዙሪያ አዞረችው። መሪውን አዞረችው። ጫማው ከጎማው ጋር ተገናኘ።

ሬዲዮው ጠፋ። አቶ ጎይትኦም ተነስተው መጡ።

«መሪውን ባጋድመው ይሄው» አለች፣ የፊት ክፍሉን ወደ ፊት እያዘነበለች። «እግሯ ተረፈ፤ ግን የሚንገዳገደው ይሄ ነው። የላዩን ቱቦ ባስረዝመው ደግሞ ይሄው፤ ክንዷ አይደርስም፤ ተጎትታ ወገቧ ያልቃል። አሁን ይሄን ይዩልኝ።»

ከቦርሳዋ ሌላ ሁለት ክብ ወረቀት አወጣች፤ ከመጀመሪያዎቹ ትንሽ ያነሱ። ትልልቆቹን ጎማዎች አንስታ እነሱን አስቀመጠች። መሪውን ወደ ጥንቱ የማስትሮ ሪናልዶ ማዘንበያ መለሰችው። የወረቀቱ እግር ዞረ፣ መሪው ዞረ፤ በጫማውና በጎማው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

አቶ ጎይትኦም ጣቶቻቸውን እዚያ ክፍተት ውስጥ አስቀመጡ። ደግመውም የወረቀቱን እግር አዞሩት።

«ትንሽ ጎማ የልጅ ጎማ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ግን እንደ ድሮው በቁጣ አልነበረም።

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም ሰው። ጎማው ከፈነዳ ማንም የሚያቀብላት አይኖርም፤ የሁሉም ትልቁ ነው። ይስቁባታል። ደግሞ ማስትሮ ይሄን አይፈቅዱም ነበር።»

«ማስትሮው በሕይወት አሉ?»

«ከሞቱ አርባ ዓመት ሆናቸው።»

«እንግዲያ አሁን የሚፈቅዱት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ወይዘሮ ኣለም ከማድቤቱ በር ላይ ቆመው ሳቃቸውን ለማፈን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ጎይትኦም ዞር ብለው አዩዋቸው፣ ከዚያ ወረቀቱን፣ ከዚያ ኩለሱምን።

«ወረቀቱን እዚሁ ተይልኝ» አሉ። ኩለሱምን አንቺ ያሏት በዚያን ቀን ነው።

በሳምንቱ ወይዘሮ ኣለም ስልክ ደወሉላት። «ምን አድርገሽ ነው የሄድሽው? ሰባት ቀን ሙሉ የምንበላው ጉልበታችን ላይ ነው። ከጠረጴዛው አላነሳ አለ! እየመጣ ያቺን የወረቀት ልጅ ያንቀሳቅሳታል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል።»

ቀሪው ሥራ ነበር፤ ብዙ ሥራ። ሰዲቃ ከኮሌጅ ስትመለስ ስልኳ ላይ ስትፈልግ፣ ያ አነስ ያለ ቸርኬ ለተራራ ብስክሌት በብዛት እንደሚሠራና ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማም ከውጭ ሊታዘዝለት እንደሚችል አገኘች። ቸርኬዎቹን አቶ ጎይትኦም ራሳቸው በሽቦ ወጠሯቸው። ቴላዮውን ሲሠሩ ኩለሱም ሁለት ጊዜ መጥታ አየች። ሽማግሌው ሁለት ቱቦ ከመበየዳቸው በፊት ጫፋቸውን በሞረድ እየላጉ፣ ብርሃን በመካከላቸው እስከማያልፍ ድረስ ደጋግመው ያገጣጥማሉ። መገናኛውን በእሳት አቅልተው የነሐሱን ዘንግ ሲነኩት፣ ነሐሱ እንደ ማር ቀልጦ በስንጥቁ ዙሪያ ይሄዳል። የቱቦዎቹ ቅጥነት፣ ከኋላ ያሉት እግሮች አቀጣጠን፣ መገናኛዎቹ ላይ በሞረድ የሚወጣው የቅጠል ቅርጽ፣ ሁሉም የማስትሮ ሪናልዶ ነበር። ልኩ ብቻ ነው ከመቁረጫ ጠረጴዛ የመጣው።

ቀለም ሲቀቡት አንድ ችግር ተነሳ። እስከዚያ ቀን ድረስ አቶ ጎይትኦም ለሠሩት ሁሉ ፊቱ ላይ የሪናልዶን ስም ነበር የሚጽፉት። ብሩሹን ይዘው ቆሙ።

«ይሄ የሳቸው አይደለም» አሉ። «የኔ ብቻም አይደለም።»

«ባዶውን ይተዉት» አለች ኩለሱም።

«ስም የሌለው ቴላዮ ሠርቼ አላውቅም።» ጥቂት አሰቡና ጎንበስ ብለው በቀጭኑ ጻፉ፤ መጀመሪያ ጎይትኦም፣ ከሥሩ ኩለሱም። እሷ ይተዉ ብላ ብትለምናቸውም አልሰሟትም።

ሰዲቃ አዲሱን ብስክሌት ይዛ ኪሌሌሽዋ ያሉትን ዳገቶች ወጥታ ተመለሰች። ግቢው ውስጥ ገብታ በጠባቡ ቦታ፣ በወርክሾፑ በርና በአቶ ጎይትኦም አሮጌ መኪና መካከል፣ ፔዳሏን እየረገጠች ስምንት ቁጥር ሠራች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። እግሯ ምንም አልነካም። ሳትወርድ ማልቀስ ጀመረች።

ውድድሩ በንጎንግ በኩል ነበር፤ ሰማንያ ኪሎሜትር። ኑሬ «አልመጣም» ሲል ነበር የቆየው፤ ጠዋት ግን ከሁሉም ቀድሞ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ተገኘ። አቶ ጎይትኦም በሂሻም መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ አንድ ትርፍ ጎማ ይዘዋል።

ከመነሻው በፊት ብስክሌቶቹን የሚመረምረው ሰውዬ የሰዲቃ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«ባይስኬሊ ያ ዋቶቶ?» አለ፤ የልጆች ብስክሌት ነው እንዴ ማለቱ ነው። በዙሪያው የነበሩ ልጆች ሳቁ።

ሰዲቃ ፊቷ ተለዋወጠ። ኩለሱም ግን ከአጥሩ ወዲያ ሆና ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አውልቃ ዘረጋችለት። «ለካ» አለችው በስዋሂሊ። «ፊቱንም ኋላውንም ለካ፤ ከዚያ ደንብህን አውጣና አንብብ።»

ሰውዬው የሚንቅ ሰው አልነበረም። ለካ። ከቦርሳው ወረቀቱን አውጥቶ ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ናቸው፣ መጠናቸውም ደንቡ ከሚፈቅደው አይወጣም። ሜትሩን ለኩለሱም መልሶ «ፖሌ፣ ማማ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃትና በሰዲቃ ብስክሌት ላይ የይለፍ ምልክቱን ለጠፈ።

ስልሳኛው ኪሎሜትር ላይ ሰዲቃ ከመሪዎቹ አምስት ሴቶች ጋር ነበረች። ሹል መታጠፊያዎቹን ሁሉ ፔዳሏን ሳታቆም እየረገጠች አልፋቸዋለች። ከኪሴሪያን ወጣ ብሎ ግን የተሰበረ ጠርሙስ ነበር። የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ።

የውድድሩ ረዳት ሞተረኛ ደርሶ ጎማ አወረደላት። ትልቁን። አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው እጁን ዘረጋ፤ ሌላ የለኝም አላት። ሌሎቹ እየራቁ ሄዱ።

የሂሻም መኪና ከኋላ ሲደርስ አቶ ጎይትኦም ገና ሳይቆም በሩን ከፍተው ወረዱ። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ጎማ አቅፈው አስፋልት ላይ ሲሮጡ ያየ ሁሉ ወደ ጎን እየሸሸ አሳለፋቸው። ተንበርክከው ጎማውን ለወጡ። አንድ ብሎን አልሳቱም።

«አሁን ሂጂ» አሏት። «ወደ ኋላ እንዳታዪ።»

ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አልፏል። ሰዲቃ ተነስታ ሄደች። ንፋሱ ፊት ለፊት ነበር። ከመሪዎቹ ቀርተው የነበሩትን አንድ በአንድ እየደረሰች ስታልፍ ሂሻም ከመኪናው ይጮህ ነበር፤ ተመልሰው አጠገቡ የተቀመጡት አቶ ጎይትኦም ግን የሚያዩት የብስክሌቷን መሪ ብቻ ነበር። መጨረሻው ቁልቁለት ላይ ፍጥነቷ እጅግ ጨመረ። መሪው እንደ ተዘረጋ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ነው ጀርባቸውን ወደ መቀመጫው ያስደገፉት።

ስድስተኛ ወጣች። ሽልማት የሚሰጠው እስከ አምስተኛ ነው። ከአምስተኛዋ ጋር የለያቸው አሥራ አንድ ሰኮንድ ነበር።

ሰዲቃ ከብስክሌቷ ወርዳ ሄልሜቷን መሬት ላይ ጣለች። «ያ ጠርሙስ!» አለች። «ያ ጠርሙስ ባይኖር! ኡሚ፣ ይዣቸው ነበር እኮ!»

ኑሬ ሄልሜቱን አነሳ። የልጁን አገጭ አየ፣ ክርኗን አየ፣ ጉልበቷን አየ። አንድም ቦታ አልተላጠችም። «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰዲቃ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «በሁለት ወር። ናኩሩ።»

«እንግዲያ የሞያሌውን ጉዞ ከዚያ በኋላ አደርገዋለሁ።»

በዚያው ቀን እዚያው ሜዳ ላይ አንዲት አጭር ቀጭን ልጅ ወደ ኩለሱም ቀረበች። ሐሊና ትባላለች፤ አሥራ ስድስተኛ ነበር የወጣችው። ዝቅ ብላ የጫማዋን ጫፍ አሳየቻት፤ በጎማ ተፍቆ አልቋል። «እኔም እንደ ሰዲቃ ነኝ» አለች። «ሁለቴ ወድቄያለሁ። ልኬን ይወስዱልኛል?» ከኋላዋ ሌላ አንድ ልጅ ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

ኩለሱም ወረቀቱን አላመጣችም። ሜትሯ ግን አንገቷ ላይ ነበር። ሐሊናን ጫማዋን አስወልቃ ሣሩ ላይ አቆመቻት።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ የኩለሱም ሱቅ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ፣ አቶ ጎይትኦም ደረጃውን እየቆጠሩ ወጡ። ኢስትሊ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡበትን ቀን አያስታውሱትም። በማታቱው፣ በሕዝቡ፣ በጩኸቱ ተናደው ነበር። ላባቸውን እየጠረጉ ከፌስታል ውስጥ አንድ ብረት አወጡና የተቆረጠው አባያ ላይ ጣሉት። ፔዳሉን ከብስክሌቱ መሐል ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነበር።

«ይሄም ረጅም ነው» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «በውድድሩ ቀን የሰዲቃን ጉልበት አየሁት። ከላይ ሲመጣ ደረቷን ሊመታ ምንም አይቀረው። ይሄም ለረጅም ወንድ የተሠራ ነው። ወደ ስልሳ ዓመት በእጄ ስይዘው አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።»

ኩለሱም ብረቱን አንስታ በመዳፏ መዘነችው። «ምን ያህል ይጠር ታዲያ?»

«እሱን ለማየት ነው የመጣሁት። የወረቀቷን ልጅ አውጪያት።»

አባያዋን ልትወስድ የመጣች አንዲት ወይዘሮ «እኔስ?» አለች።

«አንድ ሰዓት ቁጭ በይልኝ፣ እህቴ» አለች ኩለሱም። ጨርቁን አጣጥፋ አነሳችና ጠረጴዛውን አጸዳች፤ ለሽማግሌውም ወንበር ሳበችላቸው። አቶ ጎይትኦም አልተቀመጡም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠመኔውን አነሱ።